የወጪ መጋራት ደንብና የሕክምና ትምህርት፦ አጭር ሒስ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ መነሻው ተገቢ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ይደነግጋል። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከገቢው የሚቆረጥ በመሆኑም ድኻውን ወጣት ከበር አይመልስም።

ጉድለቱ በአከፋፈሉ ሥርዓት ላይ ነው። አንደኛ፣ ደንቡ የቤተሰብን አቅም አይለካም። ከጣና ዳር ገበሬ ቤት የመጣው ተማሪና የባሕር ዳር ነጋዴ ልጅ የሚፈርሙት ውል አንድ ነው። እንዲያውም አስቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ ስለሚደረግ፣ ያለው ከሌለው ያነሰ ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ዕዳው ከትምህርት ዘመን ርዝመት ጋር ስለሚያድግ በዓመታት ብዛት የሚጎዳው የሕክምና ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ ግን የመጨረሻ ዓመታቱን የሚያሳልፈው በክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በፈለገ ሕይወት ወይም በ2011 ዓ.ም በተከፈተው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል በታካሚ አልጋ አጠገብ ነው። ትምህርቱ በከፊል አገልግሎት መሆኑ ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል።

መፍትሔው ደንቡን መሻር አይደለም። ለቅድሚያ ከፋይ የሚሰጠው ቅናሽ ቀርቶ የቤተሰብ አቅም መለኪያ ሊሆን ይገባል። ደንቡ ለመምህርነትና ለመሰል ሙያዎች የከፈተው ክፍያን በአገልግሎት የመተካት በርም፣ በገጠር ጤና ተቋም ለሚያገለግል ሐኪም በየዓመቱ የዕዳው ድርሻ እንዲሰረዝለት በግልጽ ሊሰፋ ይገባል። አለበለዚያ ዕዳው ሐኪሙን ከገጠሩ ታካሚ ይልቅ የተሻለ ገቢ ወዳለበት ከተማ ይገፋዋል፤ የጋራ የተባለውን ወጪም ታካሚው ይከፍለዋል።