ቃልና ባልንጀራው
(ስለ ቋንቋ የምንናገርባቸው ቃላትና መዝገበ ቃላቶቻችን)

ቃል እንደ ሰው ነው ፤ ከማን ጋር እንደሚውል ሳይታወቅ ጠባዩ አይታወቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ቋንቋ ራሱ ስንናገር የትኛው ግሥ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚውል ፤ በእጃችን ያሉት መዝገበ ቃላትም ይህን ለእንግሊዝኛ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያሳዩት ነው።

ምሳሌዎቻችንን የምንጀምረው ከወሎ ደጋ ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው ፤ የደላንታ ከተማ ወገል ጤናም የዋድላ ጎረቤት ናት። ቃላቱ በሌላውም የአማርኛ አገር የሚሠራባቸው ቢሆኑም ፤ ስለ ቋንቋ የምንናገርበት አነጋገር ምን ያህል ከአብነት ትምህርት ቤት እንደ ተወለደ በዚህ አካባቢ በግልጥ ይታያል።

ሕፃን «ፊደል ቆጠረ» ሲባል ፊደል ተማረ ማለት ነው። የቅኔ ተማሪ «ቅኔ ቆጠረ» ሲባል ግን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን አሰበ ፤ አዘጋጀ ማለት ነው ፤ ያዘጋጀውን ለመምህሩ ሲያቀርብ ደግሞ «ቅኔ ነገረ» ይባላል። ግሡ ያው ነው ፤ ባልንጀራው ሲለወጥ ግን ፍቺው ተለወጠ። እንደዚሁም ዳዊት የደገመ ይከበራል ፤ ክፍል የደገመ ያፍራል። ስለዚህ «ቆጠረ» እና «ደገመ» የሚሉትን ቃላት ለየብቻቸው የሚተረጉም ሰው ለእንግዳው የሚሰጠው ግማሽ እውቀት ነው።

ወደ እንግሊዝኛው ስንሻገር ችግሩ ይገለበጣል። እኛ «ተረት ተረተ» ፤ «ወሬ አወራ» ፤ «ግጥም ገጠመ» ስንል ስሙ ራሱ ግሡን ይወልድልናል። እንግሊዝኛ ግን ቋንቋን በ«ስፒክ» ፤ እውነትን በ«ቴል» ፤ ጸሎትን በ«ሴይ» ይናገራል። ሦስቱም በየመዝገቡ ከ«ተናገረ» ፤ ከ«ነገረ» እና ከ«አለ» ጋር ተጎዳኝተው ሊገኙ ይችላሉ ፤ የትኛው ለየትኛው ስም እንደሚስማማ ግን ከፍቺው አይገኝም ፤ ከነባልንጀራው መጠናት አለበት።

ከዚህ የባሰው የሚመስሉ ግን የማይገናኙ ጥንዶች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ «እንግሊዝኛ እሰማለሁ» ቢል እንግሊዝኛ ይገባኛል ማለቱ ነው ፤ ቃል በቃል «አይ ሂር ኢንግሊሽ» ብሎ ቢተረጕመው ግን ለእንግሊዛዊው ድምፁ በጆሮዬ ይገባል ከማለት አያልፍም። ይህ ተማሪ አላዋቂ ነው ሊባል አይገባም ፤ የራሱን ቋንቋ ሕግ አክብሮ ነው የተሳሳተው። «አቀላጥፎ ይናገራል» የምንለውን ደግሞ እንግሊዛዊው «ፍሉወንት» ይለዋል ፤ የቃሉም ሥር በላቲን መፍሰስ ነው። እኛ የምናደንቀው ቅልጥፍናን ነው ፤ እነርሱ የወንዙን አወራረድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን «ቃል» የሚለው ስም ነው። በእኛ ዘንድ በፍርድ ቤት ወይም በፖሊስ ፊት የቀረበ ሰው «ቃሉን ሰጠ» ሲባል የሚያውቀውን ተናገረ ማለት ነው ፤ ተስፋ የሰጠ ሰው ግን «ቃል ገባ» ይባላል ፤ ሲክድም «ቃሉን አጠፈ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ቃል የሚሰጠው ተስፋ የገባው ነው ፤ ቃሉም ሲፈርስ አይታጠፍም ፤ ይሰበራል። እንግዲህ አስተርጓሚው «ቃሉን ሰጠ» የሚለውን ቃል በቃል ቢያስተላልፈው ምስክሩ ሳያስበው ውለታ ገቢ ይሆናል። በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ የሚያስቀንሰው ስሕተት በፍርድ ቤት ሰውን ሊጐዳ ይችላል።

መዝገበ ቃላቶቻችን ይህን እንዴት ይዘውታል? ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ በማሳየቱ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ በሩ የሚከፈተው ከእንግሊዝኛ በኩል ነው ፤ በአማርኛ አስቦ የመጣው ተማሪ የሚገባበትን አያገኝም። ቶማስ ሌይፐር ኬን በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ ሁለት ጥራዝ የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሩን ከእኛ በኩል ከፍቷል ፤ ሀብቱም እጅግ ሰፊ ነው። ነገር ግን በመጠኑ ትልቅነት የተነሣ የተመራማሪ እንጂ የተማሪ ዴስክ መጽሐፍ አይደለም። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ፈሊጦች» ታላቅ ውለታ ነው ፤ ሆኖም የፈሊጥ መጽሐፍ የሚሰበስበው ፍቺው የተሰወረውን አነጋገር ነው። «አማርኛ ይሰማል» ለእኛ የተሰወረ ስላልሆነ ፈሊጥ አይመስለንም ፤ ወጥመዱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ የጎደለው ሌላ ትልቅ መዝገብ አይደለም ብለን እናምናለን። የሚያስፈልገው ከአማርኛው ጥንድ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛው ጥንድ የሚወስድ ትንሽ መጽሐፍ ነው ፤ ሥራውንም ተማሪዎች ሊጀምሩት ይችላሉ። በክረምት ዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ሁሉ «ቃል» ፤ «ነገር» ፤ «አፍ» ፤ «ምላስ» እና «ቋንቋ» የሚሉትን አምስት ስሞች ይዞ ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚውሉትን ግሦች ከነተነገሩበት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ፤ መምህራንም የእንግሊዝኛውን አቻ ቢያርሙ ፤ ለመጀመሪያው ረቂቅ የሚበቃ ነገር ይገኛል።