ከግድግዳው ጀርባ የሚያለቅሰው፦ በቪዲዮ ጌም ስውር ዕቃ ስለመልቀም የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ቪዲዮ ጌም የሚጽፉ ሃያስያን በአንድ ጉዳይ ላይ ክርክር ካቆሙ ቆይተዋል። በየጥሻውና በየጣሪያው የተበተነ ዕቃ ፈልጎ መልቀም ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ጌም ሠሪዎች የሥራቸውን ማነስ የሚሸፍኑበት ዘዴ ነው ብለው ደምድመዋል። የሚያቀርቡት ማስረጃም አንድ ዓይነት ነው፤ ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ‹አሳሲንስ ክሪድ› 420 ባንዲራ በትኗል፤ በ2008 የወጣው ‹ግራንድ ቴፍት ኦቶ 4› 200 ርግብ፤ በ2017 የወጣው የዜልዳ ጌም ‹ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ› 900 ዘር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ከተጠራ በኋላ ፍርዱ ያለ ተጨማሪ ምርመራ ይሰጣል። ይህን ጽሑፍ ያስነሣኝ ፍርዱ ሦስቱን ጌሞች በአንድ ላይ መኮነኑ ነው። ሦስቱ ከቁጥራቸው ብዛት በቀር የሚያመሳስላቸው ነገር የለም።

መጠየቅ ያለበት ደባቂው ለፈላጊው ምን ተወለት የሚለው ይመስለኛል። ድብብቆሽ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» እያለ የሚጣራው ልጅ «አልነጋም» የሚል መልስ ይመጣለታል፤ መልሱ ከየት በኩል እንደመጣ፣ እየራቀ ይሁን እየቀረበ ጆሮው ይይዛል። ዓይኑን ሲገልጥ ፍለጋው ከተጀመረ ቆይቷል። ድምፁን አጥፍቶ ከሰፈር ወጥቶ የሚሄድ ልጅ ጨዋታውን እንዳበላሸ ይቆጠራል፤ ሌሎቹ ልጆች ይህን ለመፍረድ መካሪ አያሻቸውም። በቪዲዮ ጌምም የመልቀም ደስታና ምሬት የሚለያዩት እዚሁ ላይ ነው፤ የተደበቀው ዕቃ ይመልሳል ወይስ ዝም ይላል?

በ1998 በኒንቴንዶ 64 የወጣው ‹ኦካሪና ኦፍ ታይም› 100 የወርቅ ሸረሪቶች አሉት። በካካሪኮ መንደር አንድ ባለጸጋ ከነልጆቹ ተረግሞ ሸረሪት ሆኗል፤ ተጫዋቹ የወርቅ ሸረሪቶቹን እየገደለ ምልክታቸውን ሲሰበስብ እርግማኑ ደረጃ በደረጃ ይፈታል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ጥበቡ ያለው በድምፁ ነው። እያንዳንዱ የወርቅ ሸረሪት ያለማቋረጥ ይንኮሻኮሻል። ተጫዋቹ በሌላ ጉዳይ እያለፈ ሳለ ከአንድ ቤት ጀርባ ያንን ኮሽታ ይሰማል፤ ይቆማል፤ ዙሪያውን ይቃኛል። ከፊሎቹ የሚወጡት ሌሊት ብቻ በመሆኑ ቀን ያለፈበትን ሰፈር ማታም ሊያልፍበት ይገባል፤ በዚህ ምክንያት ያው ሰፈር በማታ ሌላ ሰፈር ይሆንበታል። 20 ምልክት ያሟላ ሰው የሚያገኘው ሽልማት ደግሞ ሌላ መፈለጊያ ነው። የሥቃይ ድንጋይ ይባላል፤ በጆይስቲኩ ላይ የሚሰካው ራምብል ፓክ ካለ፣ የተሸሸገ ጉድጓድ አጠገብ ሲደረስ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በጆሮ የተጀመረው ፍለጋ በመዳፍ ቀጠለ ማለት ነው። መቶውን የጨረሰ ተጫዋች 200 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ) ብቻ ማግኘቱ ሲነቀፍ ኖሯል። ነቀፌታው ልክ ነው፤ ግን ዳር ያለ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ የሚራመድበትን ምድር ማዳመጥ ለምዷል።

ይህን ስልት ከሁሉ ርቆ የወሰደው በአውስትራሊያዋ የአደሌድ ከተማ የተመሠረተው ቲም ቼሪ በ2017 ያወጣው ‹ሆሎው ናይት› ነው። ሰፊና ጨለማ በሆነ ከመሬት በታች ያለ ግዛት ውስጥ 46 እጮች በብርጭቆ ማሰሮ ታስረው ተደብቀዋል። እያንዳንዱ እጭ ያለቅሳል። ልቅሶው ቀጭን ነው፤ ጠላት ሲያጓራ ወይም ሙዚቃው ሲጎላ ይዋጣል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ውጊያው ሲያበቃ ወዲያው መሮጥ ትቶ ቆም ማለት ይማራል። ይህን እንዲያደርግ የሚያዝ አንድም ጽሑፍ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ድምፁ ከመንገዱ ቀድሞ ይደርሳል። እጩ እዚህ እንዳለ ይሰማል፤ የሚያደርሰው መንገድ ግን አይታይም። ከግድግዳው ጀርባ የሚያለቅስ ነገር ካለ፣ ያ ግድግዳ ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ ተጫዋቹ ይጠረጥራል፤ በመሣሪያው ይመታዋል፤ ይሰነጠቃል። ወይም ድምፁ ከላይ ይመጣና ገና ያላገኘው የመዝለል ችሎታ እንደሚያስፈልገው ይገባዋል፤ ቦታውን በልቡ ይዞ ይሄዳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ችሎታውን ሲያገኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ ልቅሶ ነው። ለአንድ ሥፍራ ትዝታ መትከል ለየትኛውም የቦታ ጥበብ ከባድ ሥራ ነው፤ እዚህ በአንዲት አጭር ድምፅ ተሠርቷል።

በዚሁ ጌም ካርታ ራሱ በጆሮ የሚገኝ ነገር ነው። የየአካባቢውን ካርታ የሚሸጠው ኮርኒፈር የሚባል ገፀ ባሕርይ የተበታተነ ወረቀት ከኋላው እየጣለ፣ እያንጎራጎረ ይሠራል፤ ካርታ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱንና እንጉርጉሮውን መከተል አለበት። ካርታው ከተገዛ በኋላም ተጫዋቹ ያለበትን ነጥብ አያሳይም፤ ለዚያ ኮምፓስ መልበስ ይኖርበታል። የእጮቹን ሥፍራ ሁሉ የሚያሳይ ሌላ ካርታም አለ። የሚገኘው በፍቅር ግንብ ውስጥ ነው፤ ግንቡ ውስጥ የሚጠብቀው ባላንጣ ስሙ ‹ሰብሳቢው› ነው፤ ሕያው ፍጥረታትን በማሰሮ እያሸገ የሚያከማች። ጌሙ የመልቀምን ክፉ ገጽ በአንድ ገፀ ባሕርይ አቁሞ ተጫዋቹን ከዚያ ጋር ያጋጥመዋል፤ ካርታውን የሚሰጠውም ያንን ካሸነፈ በኋላ ነው። ነጻ የወጡት እጮች ወደ አባታቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ተሰብስበው አባትየው የመጨረሻውን ስጦታ ከሰጠ በኋላ ወደዚያ የሚመለስ ተጫዋች አባትየው ሆዱ አብጦ ተኝቶ ያገኘዋል፤ ልጆቹ በሙሉ ሆዱ ውስጥ ናቸው። አንዳንዶች ወደሌላ ፍጥረት የመለወጥ ሂደት ነው ይላሉ። እኔ ከዚያ ትርጉም ይልቅ የሚይዘኝ የሠሪዎቹ ድፍረት ነው። ለ46 ፍለጋ ዋጋ የሚሆን ነገር ዕቃ ሊሆን እንደማይችል ገብቷቸዋል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ከአእምሮው ሊያወጣው የማይችል ጥያቄ ሰጡት።

በመልቀም ላይ ያለው ጥላቻ ግን መነሻ አለው፤ መነሻው ምርጥ በሆኑ እጆች የተሠራ ስሕተት ነው። የእንግሊዙ ጌም ሠሪ ሬር በ1998 ‹ባንጆ ካዙይ›ን አወጣ። ዘጠኝ ዓለማት ነበሩት፤ በእያንዳንዳቸው 100 የሙዚቃ ኖታ። ኖታዎቹ ግልጽ ቦታ ላይ በረድፍ የተቀመጡ በመሆናቸው እግርን ይመራሉ፤ ወደ አንድ ጥግ የሚወስድ የኖታ ረድፍ «እዚህ ኑ» እንደማለት ነው። ይህ ድንቅ ነበር። ይሁንና በኒንቴንዶ 64 ላይ ተጫዋቹ ቢሞት ወይም ከዓለሙ ቢወጣ የለቀማቸው ኖታዎች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ የሚመዘገበው ከፍተኛው ቁጥር ብቻ ነው። 90 ለቅሞ፣ ከዘጠኙ ዓለማት አንዱ በሆነው በረስቲ በኬት ቤይ የሞተር ክፍል ውስጥ ካንዱ ተሽከርካሪ መርገጫ የወደቀ ተጫዋች ያንን ሁሉ እንደገና ይለቅማል። እንደገና መልቀም ፍለጋ አይደለም፤ ቦታው ታውቋል። በ2008 በኤክስቦክስ 360 እንደገና ሲወጣ የተለቀመው ኖታ በዚያው ተለቅሞ እንዲቀር መደረጉ ሠሪዎቹ ጉዳቱን እንደተረዱት ያሳያል። በ1999 የወጣው ‹ዶንኪ ኮንግ 64› ደግሞ ለአምስት ጦጣዎች፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቀለም ያለው ሙዝ መደበ፤ በሰባት ዓለማት 3,500 ሙዝ ይሆናል። ቢጫ ሙዝ ለመልቀም የመጣ ተጫዋች ሰማያዊውን አይቶ ያልፈዋል፤ መንካት አይችልም። ወደ መለወጫው በርሜል ተመልሶ፣ ጦጣ ቀይሮ፣ በመጣበት መንገድ ይደግማል። ተጫዋቹ ዕቃውን አግኝቷል፤ ጨዋታው ግን ማግኘቱን አይቀበለውም። ከዚህ የባሰ የድካም ንቀት በዚህ የጌም ዘርፍ አላየሁም። በቅርብ ዓመታት አፍቃሪዎቹ ራሳቸው የጌሙን ኮድ ለውጠው በየትም ቦታ ጦጣ መቀየር እንዲቻል አድርገዋል፤ ሙዙን ግን አልቀነሱም። ምሬቱ ከብዛት አለመምጣቱን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ የለኝም።

ሁለተኛው የምሬት ምንጭ የመዝገብ ጉድለት ነው። በ2001 የወጣው ‹ግራንድ ቴፍት ኦቶ 3› 100 ስውር ጥቅሎች አሉት፤ በየአስሩ አንድ መሣሪያ መኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጣል። 99 ላይ የደረሰ ሰው ግን የትኛው እንደቀረው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከተማውን በሙሉ እንደገና ማሰስ፣ ያገኛቸውንም ቦታዎች ሁሉ መርገጥ ይኖርበታል። ‹ኦካሪና› ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ፈትቶት ነበር፤ የአንድ አካባቢ ሸረሪቶች ሲያልቁ ካርታው ላይ ያንን የሚያመለክት ትንሽ ምልክት ይወጣል። ቦታው አልተነገረም፤ የተነገረው የት መፈለግ እንደማያስፈልግ ነው። ይህች ትንሽ ምልክት ከብዙ ሽልማት ትበልጣለች።

እኛ አገር ይህ ጉድለት ገንዘብ ያስከፍላል። በፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፤ እግር ኳስ የገነነውም ለዚህ ሒሳብ ስለሚመች ጭምር ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ‹ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ›ን ይዞ በጌሙ ውስጥ ያለችውን የሎስ ሳንቶስ ከተማን 100 የግድግዳ ጽሑፎች ልፈልግ ያለ ልጅ፣ የራሱ ሚሞሪ ካርድ ከሌለው፣ ዛሬ ያገኘውን ነገ ላያገኘው ይችላል። ከዚህ የተነሣ በእኛ ዘንድ ፍለጋ የባለቤት ደስታ ሆኖ ቆይቷል፤ ማሽኑ ቤቱ ላለው፣ ጊዜውን ማንም ለማይቆጥርበት። ስውር ዕቃ ጊዜ ማባከኛ ነው የሚለው ፍርድ እዚህ ቶሎ ተቀባይነት ቢያገኝ አይደንቅም። ግን ሰዓት ቆጣሪ አጠገቡ ቆሞበት የሚፈልግ ሰው ስለ ፍለጋ መመስከር እንዴት ይችላል?

ሃያስያኑ ለጮኹት ጩኸት የተሰጠው ምላሽ የከፋ ሆነ። ዝም ያለውን ዕቃ እንዲናገር ከማድረግ ይልቅ ቦታውን ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ማሳየት መጣ። በ2014 የወጣው ‹አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ› ይህን ወደ ጫፍ አደረሰው። የፓሪስ ካርታ በሣጥን ምልክት ተጨናንቆ መንገዱ አይታይም፤ ሲወጣም ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ በስልክ ላይ በሚጫን ሌላ መተግበሪያ ካልሆነ አይከፈቱም ነበር። ያ ፓሪስ በዓይን ለማየት ለዓመታት የተለፋበት ከተማ ነው፤ ተጫዋቹ ግን የሚያየው ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ካርታና የሚቀርበውን ነጥብ ነው። መድረስ ቀረ፤ መፈለግ ሞተ። ለዚህ ይቅርታ የለኝም።

የሚቆጨኝ ግን በ2009 የወጣው ‹አሳሲንስ ክሪድ 2› ነው። የዋናው ገፀ ባሕርይ የኤትዚዮ አባትና ሁለት ወንድሞች ተሰቅለዋል፤ እናቱ ማሪያ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደበቷ ተዘግቷል። ከተሰቀሉት አንዱ፣ ታናሹ ፔትሩቾ፣ ላባ ይሰበስብ ነበር። ኤትዚዮ በጣሊያን ጣሪያዎች ላይ 100 ላባ ለቅሞ በእናቱ አልጋ አጠገብ ባለው ሣጥን ያጠራቅማል። የሟች ልጅን ሥራ በወንድሙ እጅ መጨረስ፣ ያውም ለማትናገር እናት፤ በዚህ ዘርፍ ለመልቀም ከዚህ የበለጠ ምክንያት የሰጠ ሥራ አላውቅም። መቶው ሲሞላ እናትየው ትናገራለች። በዚያው ቢቆም ኖሮ! ጨዋታው ግን ካባ ይጨምራል፤ የለበሰው ሰው በሁሉም ከተማ ተፈላጊ ወንጀለኛ የሚሆንበት ካባ። የእናትየው ቃል ሽልማት መሆኑ ለሠሪዎቹ በቂ መስሎ አልታያቸውም። ላባዎቹም ድምፅ የላቸውም። የሐዘኑን ያህል የፍለጋው ስልት ቢታሰብበት፣ ለምሳሌ ላባ ባለበት ጣሪያ ላይ ርግቦች ብር ብለው ቢነሡ፣ ይህ ክፍል የዘርፉ ዋና መማሪያ ይሆን ነበር።

የተሰደበው 900 ዘር ይቀራል። በ‹ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ› ኮሮክ የሚባሉት ትንንሽ የደን ፍጥረታት የተደበቁት በምልክት ነው። በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች አንድ ይጎድላቸዋል፤ ጎን ለጎን ከቆሙ ዛፎች የአንዱ ፍሬ ይበዛል። የጎደለውን የሞላ፣ የበዛውን ያጎደለ ተጫዋች ኮሮኩን ያገኘዋል፤ ዘሩንም ይቀበላል። ዓይን ሥርዓትን አይቶ ጉድለቱን እንዲያርም የሚጠይቅ ፍለጋ ነው፤ ምድሩ ራሱ ይመልሳል። ሄስቱ የሚባለው ፍጡር በዘሩ ልክ የተጫዋቹን የመሣሪያ ቦርሳ ያሰፋል፤ 441 ሲሞላ ማስፋቱን ይጨርሳል። ቀሪው 459 በየትኛውም አቅጣጫ የሚሄድ ተጫዋች በመንገዱ የሚያገኘው እንዲኖር የተተከለ ነው። 900 የሞላ ሰው የሚሸለመው የእዳሪ ቅርጽ ያለው የወርቅ ነገር ነው፤ ብዙዎች በዚህ ተናደዋል። እኔ ቀና ንግግር አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ሁሉንም መጨረስ አያስፈልግም ነበር የሚል። ሠሪዎቹን የምወቅሰው በሌላ ነው። ዋናው ባላንጣ ከተሸነፈ በኋላ ካርታው ላይ ከመቶ ስንት እጅ እንደተሠራ የሚገልጽ ቁጥር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ኮሮክም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ሄስቱ በቃ ያለውን ተጫዋች ያ መቶኛ እንደገና ለለቀማ ይነዳዋል። በ2023 በወጣው ተከታይ ጌም ኮሮኮቹ 1,000 ሲደርሱ መጀመሪያ መወገድ የነበረበት ያ መቶኛ ነበር።