አስፈሪ ፊልም ሲሳቅበት፦ የ«ያንግ ፍራንከንስታይን» የቋንቋ ቀልድና የትርጉም ፈተናው

የሜል ብሩክስ «ያንግ ፍራንከንስታይን» (እ.ኤ.አ. 1974) ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው በምስሉ ነው። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ተቀርጿል፤ በቤተ ሙከራው የሚታዩትም ኬኔዝ ስትሪክፋደን ለ1931ዱ «ፍራንከንስታይን» ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች ናቸው። ይህ አድናቆት ተገቢ ቢሆንም፣ የፊልሙን የቋንቋ ቀልድ ሸፍኖታል።

በጄምስ ዌል «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» (1935) ዓይነ ስውሩ ባሕታዊ ፍጡሩን እንደ «ዳቦ» እና «ወዳጅ» ያሉ ቃላት ያስተምረዋል፤ አስፈሪው አካል በቋንቋ አማካይነት ሰው መሆን ይጀምራል። በብሩክስ ፊልም ተመሳሳይ ትዕይንት ግን ፍጡሩ ቃል አይወጣውም፤ ትኩስ ሾርባ ጭኑ ላይ ሲፈስበትና አውራ ጣቱ በእሳት ሲለኮስ ይጮኻል እንጂ። ዋናውን ፊልም ያላየ ተመልካች በአደጋው ይስቃል፤ ያየው ደግሞ በከሸፈው ትምህርት ጭምር።

ሁለተኛው ማስረጃ የአንጎሉ ስርቆት ነው። በ1931ዱ ፊልም ረዳቱ ጤነኛውን አንጎል ጥሎ የወንጀለኛውን ይወስዳል። ብሩክስ ጥፋቱን የንባብ ስሕተት ያደርገዋል፦ ኢጎር «አብኖርማል» የሚለውን ጽሑፍ «አቢ ኖርማል» የተባለ ሰው ስም አድርጎ ይረዳዋል። ቃልን በሌላ ቦታ ከፍሎ ሁለተኛ ፍች ማውጣት ለቅኔ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

«ጤናማ ያልሆነ» ብሎ በቀጥታ መተርጎም ቀልዱን ይገድለዋል። አማርኛ ግን የራሱ መውጫ አለው። «ይበላሻል» የሚለው ግስ «በ» ሲጠብቅ ከመበላሸት፣ ሲላላ ከመብላት ይመጣል። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ ለሴት ገጸ ባሕርይ የተጻፈ «ይህ አንጎል ይበላሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሁለቱንም ፍች ይይዛል። ይህ የሚሠራው በግርጌ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሲነገር አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል።

ቦራና ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊኛና አማርኛ በሚገናኙባት ሞያሌ ይህ ልዩነት ክብደት አለው። በቁቤ ጥብቀት በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ፣ በጽሑፍ የሚሠራው የአማርኛው ማሻሚያ ወደ ኦሮምኛ አይሻገርም። በኬንያ እንደ ዲጄ አፍሮ ያሉ በፊልም ላይ በስዋሂሊኛ የሚተርኩ ሰዎች በበኩላቸው የፊደል ጨዋታ አይመቻቸውም፤ ተመልካቹ ያላየውን ዋና ፊልም ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያስታውሱት ይችላሉ። ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት ተመልካቹ የትኛውን ፍርሃት እንደሚያውቅ፣ ቀልዱም የሚነበብ ወይስ የሚሰማ እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል።