ያነበብናቸውና የጨረስናቸው

ታኅሣሥ ላይ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል፤ ስልኬ ደግሞ «47 ከ52» ይለኛል። በዓመቱ መጀመሪያ ጉድሪድስ ላይ ገብቼ 52 መጽሐፍ አነባለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ በሳምንት አንድ መሆኑ ነው። አምስት ቀረኝ። በዚያ ምሽት መደርደሪያዬ ፊት ቆሜ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፦ የትኛው ጥሩ ነው አላልኩም፣ የትኛው ይቀጥናል ነው ያልኩት። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» አወጣሁት፣ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት፣ የሰዎቹ ንግግር ገጽ ሙሉ ሲወርድ አየሁና ወደ ቦታው መለስኩት። በምትኩ አምስት ቀጫጭን መጻሕፍት መረጥኩ። አንዱ የግጥም መድብል ነበር፤ ከመገናኛ ሜክሲኮ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ጨረስኩት።

52 ሞላ። የዘጠኝ መጻሕፍት ሽፋን ደርድሬ «የዓመቱ ምርጦቼ» ብዬ ለጠፍኩ። ሰው ወደደልኝ፣ «ጎበዝ» ተባልኩ። ከወር በኋላ ግጥም የሚወድ ጓደኛዬ «ከዚያ መድብል የቱን ወደድከው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ርዕስ ማስታወስ አልቻልኩም። «ሁሉም አሪፍ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ሌላ ነገርም አልጠየቀኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ሳቅ ነው። ግጥምን በአንድ የታክሲ መንገድ የጨረሰ ሰው ግጥሙን ጨረሰው እንጂ አላነበበውም። ሁለቱ ቃላት ለየቅል መሆናቸውን ለማወቅ 52 መጽሐፍ ፈጀብኝ።

እስቲ መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ አንድ መተግበሪያ ሲያስቸግረኝ ከውስጥ እንዴት እንደተሠራ ሳላስብ አላልፍም። ጉድሪድስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ፣ በ2013 አማዞን ገዛው። የንባብ ውድድሩ በ2011 ነው የመጣው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፦ አንድ ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ ቁጥሩን ለዓመቱ ቀናት እኩል ያካፍላል፣ ከዚያ በየዕለቱ ካለህበት ጋር ያነጻጽራል። ዘገየት ካልክ «ከዕቅድህ 3 መጽሐፍ ወደኋላ ቀርተሃል» ይልሃል። ለምን እንደዘገየህ ግን ቦታ የለውም። እናትህ ታማ ይሁን፣ መጽሐፉ አላንቀሳቅስ ብሎህ ይሁን፣ አንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ይሁን፣ ለእሱ ያው «ወደኋላ» ነህ።

በዚህ መቁጠሪያ ዓይን ባለ 80 ገጹ መጽሐፍ አንድ ነው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም አንድ ነው። እንግዲህ አምስት የቀረው ሰው የቱን ያነሳል? የቢሮ ሰው መልሱን ያውቀዋል። በአንድ ወቅት እኛ ቡድን ውስጥ የሚቆጠረው የተዘጋ የሥራ ትኬት ብዛት ነበር። ምን አደረግን መሰላችሁ? አንዱን ሥራ ለሦስት ከፍለን ሦስት ትኬት መዝጋት ጀመርን። ማንም አልዋሸም፣ ሥራውም ተሠርቷል። ግን የሚያስቸግረው፣ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው፣ ማንም የማያጨበጭብለት ስህተት ሳይነካ ከረመ። «አደፍርስ»ም በእኔ መደርደሪያ ላይ የከረመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ይህ ችግር የታያቸው ባለሙያዎች አሉ። ናዲያ ኦዱናዮ የምትባል ፕሮግራመር በ2019 የጀመረችው ስቶሪግራፍ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገጽና በሰዓትም ዕቅድ እንድታወጣ ይፈቅዳል፤ ኮከቡን በሩብ ይሸነሽንልሃል፣ መጽሐፉ ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ይጠይቅሃል። እንደ ሙያ አጋር አደንቃታለሁ። ግን ገጽም ቢሆን ያው ቁጥር ነው። የ«አደፍርስ» አንድ ገጽና የአንድ የስለላ ልብወለድ አንድ ገጽ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ቁልቁለት ነው፣ ሌላው ዳገት።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለኮምፒዩተር ሀ እና ሐ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው፣ ሰ እና ሠም እንዲሁ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ሐዲስ» ብሎ የመዘገበውን «ሀዲስ» ብሎ የሚፈልግ ላያገኘው ይችላል። ያላገኘ ሰው አዲስ ይመዘግባል። ሌላው ይመጣና በላቲን ፊደል እንደ መሰለው ይጽፈዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ መጽሐፍ ብዙ ቦታ ይበተናል፣ አስተያየቱም አብሮ ይበተናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ተራ መጽሐፍ በአንድ ጣት ንክኪ ሲመዘገብ አማርኛውን ለማስመዝገብ ሽፋኑን ፎቶ ማንሳት፣ ገጹን መቁጠር፣ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ መቀየር አለብህ። ሲሰለችህ ትተወዋለህ። የእኔን የዓመት ዝርዝር ያየ ሰው አማርኛ ብዙም የማላነብ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አማርኛው ለመመዝገብ ስለሚያደክም ነው የቀረው። እያደር ደግሞ የማይመዘገበውን ማንበብም ቀነስኩ። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በመተግበሪያው ላይ ብደፋ ውሸታም ነኝ። ጥድፊያን እኛም እናውቀዋለን። ሠፈራችን ውስጥ መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራይ ሰው ነበር። ደብተር ነበረው፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ ይጽፍበታል። ሒሳቡ በቀን ስለሆነ ሌሊቱን በሻማም ሆነ በስልክ መብራት ተጣድፈን እንጨርስ ነበር። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» 2001 ላይ ሲወጣ ልጅ ነበርኩ፤ እኔ ጋ ዘግይቶ ሲደርስ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የአንባቢዎች ስም ተደርድሮ ነበር። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ዛሬም ታሪኩን ልነግራችሁ እችላለሁ። ለምን? ትምህርት ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ስለተከራከርንበት ይመስለኛል። «እዚህ ጋ ደረስክ?» «ኧረ እንዳትነግረኝ!» እየተባባልን ነው ያነበብነው። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ንባቡ አላለቀም።

እናቶቻችንም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቁት በአብዛኛው በጆሮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ማንም አሳልፎ ወደ መጨረሻው መሮጥ አይችልም ነበር። ክፍሉ ያልቃል፣ ቀጣዩን ትጠብቃለህ። እየጠበቅህ ከጎረቤት ጋር ሰብለ ወንጌል ምን ትሆን ይሆን ትላለህ። እናቴ መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ስለ ጉዱ ካሣ ግን ከእኔ የተሻለ ታወራለች። እንግዲህ የትኛችን ነን አንባቢ? የእኔ ዝርዝር ላይ አለ፣ የእሷ ላይ የለም። ዝርዝርም የላት።

በነገራችን ላይ ዝርዝር መያዝ የሚቻለው በደኅና ጊዜ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በዓመቱ ደራሲው ደብዛው ሲጠፋ፣ መጽሐፉን ደብቀው ያነበቡ ሰዎች «የዓመቱ ምርጤ» ብለው ሊለጥፉት አይችሉም ነበር። ያነበቡትን መደበቅ ነበረባቸው። እኔ ያላነበብኩትን አነበብኩ ብዬ አሳያለሁ። ይህን ሳስብ አፈርኩ።

ጥር ላይ ዕቅድ ሳልይዝ «አደፍርስ»ን አነሳሁት። እስከ መጋቢት ቆየሁበት። በ1962 የታተመ መጽሐፍ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አደፍርስ ወደ ሸዋ ገጠር ይመጣል፤ እዚያ ባላባቷ ወይዘሮ አሰጋሽ አሉ፣ የቤተ ክህነት ሰው አለ፣ ወጣቶች አሉ፣ ጭሰኛው አለ። ሁሉም በየራሱ አነጋገር ያወራል፤ ሽማግሌው በተረትና ምሳሌ፣ ቄሱ በመጽሐፉ፣ አደፍርስ በመማሪያ መጽሐፉ። ደራሲው ማን ልክ እንደሆነ አይነግርህም። መሃል ገብቶ አያስታርቅም፣ አይፈርድም። የሸዋውን አነጋገር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ነበረብኝ፤ በዓይን ብቻ ስሄድበት ያመልጠኛል። ምሽት ላይ አራት ገጽ ካነበብኩ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ላይ አደፍርስን ወደድኩት። የተማረ ነው፣ ይጠይቃል፣ አጉል ልማድ ያናድደዋል። እኔ ነኝ አልኩ። ቆየት ብዬ ግን ልጁ የማይሰማ መሆኑን አየሁ። ሰው ሳይጨርስ መልሱን አዘጋጅቷል። አገሩ ለእሱ መፍትሔ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ የጥያቄው ዝርዝር ናቸው። ምህንድስና የተማርን ሰዎች ይቺን በሽታ እናውቃታለን። ስብሰባ ላይ ደንበኛው ችግሩን አስረድቶ ሳያበቃ በሐሳባችን ኮዱን መጻፍ ጀምረናል። መጽሐፍንም እንዲሁ ነበር የማነበው፤ ሰዎቹ እያወሩ እኔ ስንት ገጽ እንደቀረ አያለሁ። እና መጽሐፉ ስለ እኔ ንባብ የሚናገር መሰለኝ። በጥድፊያ ባነበው ኖሮ ይህን አላየውም ነበር፤ አምስት ኮከብ ሰጥቼው አልፌው ነበር።

የባለታሪኩ ስም ራሱ ትእዛዝ ነው፤ አደፍርስ፣ በጥብጥ ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ «ካልደፈረሰ አይጠራም» ይላል። ጥሩ መጽሐፍ መጀመሪያ ያደፈርሳል። ግራ ትጋባለህ፣ ትናደዳለህ፣ የያዝከው ነገር ይናጋብሃል። ከዚያ ይቆይና ይጠራል። መቁጠሪያው ጨረስክ ካለህ በኋላ ወዲያው «ቀጣይህ ምንድን ነው?» ነው የሚልህ። ውኃው እስኪጠራ አይጠብቅም። ከ52ቱ ውስጥ የደፈረሱብኝ ጥቂት አልነበሩም፤ አንዳቸውም ግን እስኪጠሩ አልጠበቅኳቸውም።

የእናቴ አባት ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው መደቡ ላይ ይቀመጡ ነበር። ዳዊት ለሳምንቱ የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ቅዳሜ 150ው ይሞላል፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልየ መኃልይ ነው። በሳምንት አንድ፣ በዓመት 52 ጊዜ መሆኑ ነው። ልክ የእኔን ዕቅድ ያህል፤ ልዩነቱ የእሳቸው መጽሐፍ አንድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ቋንቋችን «አነበበ» አይልም፣ «ደገመ» ነው የሚለው። ዳዊት ይደገማል እንጂ አይጨረስም። ጸሎት ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ልብወለድ ጸሎት አይደለም። ግን አንድ ጽሑፍ ዕድሜ ልክ ሊመለሱበት ይችላል የሚለው ሐሳብ ከቤታችን ያልራቀ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጉድሪድስም ድጋሚ ንባብን መመዝገብ ይፈቅዳል። ሆኖም አንድ ሽፋን ሁለት ጊዜ የገባበት የዓመት ምርጥ አይቼ አላውቅም። አያምርማ!

መቁጠር ይቅር አልልም። ዕቅድ ባይኖረኝ ኖሮ በዚያ ዓመት ስልኬን ሳገላብጥ እውል ነበር፤ ከ52ቱ መካከል የማመሰግንባቸው አሉ። የሰው የምርጦች ዝርዝርም ብዙ ጥሩ መጽሐፍና ፊልም አስገኝቶልኛል። የምቃወመው ቁጥሩ መራጭ ሲሆን ነው። እኔ መርጬ እሱ መቁጠር ሲገባው እሱ መርጦ እኔ ቆጠርኩለት። ምርጦቼን ስለጥፍም ስለ መጻሕፍቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም፤ የተናገርኩት ስለ ራሴ ነበር።

አሁን አንዲት ተራ ሠንጠረዥ አለችኝ። ሦስት ዓምድ ነው ያላት፦ ርዕስ፣ ከወር በኋላ የቀረኝ ነገር፣ እደግመዋለሁ ወይ። ሁለተኛውን ዓምድ መጽሐፉ ካለቀ ከወር በፊት መሙላት ክልክል ነው። ከመስከረም ወዲህ ስድስት ረድፍ ሞልቻለሁ። ከስድስቱ አንዱ ያ የታክሲው የግጥም መድብል ነው፤ በቀን አንድ ግጥም እያልኩ ደገምኩት። አሁን የምወደው ግጥም የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለጓደኛዬም ደውዬ ነገርኩት። የ«አደፍርስ» ረድፍ ሁለተኛ ዓምድ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ብቻ «አዎ» ብያለሁ።