ጽሑፍ የሌለው ቀብር፦ የሰሜን ቤተ እስራኤል መካነ መቃብር እንደ ታሪክ ምንጭ

የሰሜን ቤተ እስራኤል ታሪክ ሲጻፍ ከሞላ ጎደል የአምባ ታሪክ ሆኖ ቆይቷል። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ከቤተ እስራኤል መሪዎች ከራዳኢና ከጎሼን ጋር የተደረገውን ውጊያ ይተርካል፤ ማራኪዋን ይዛ ወደ ገደል የተወረወረችውን ሴትም የምናውቃት ከዚያው ነው። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በበኩሉ በመሪያቸው በጌዴዎን ሞት ይደመደማል። ከ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በደባርቅና በዳባት ግርጌ፣ በየሸንተረሩ እየቀጠቀጠ፣ ሸክላ እየሠራና እያረሰ የኖረው ሕዝብ ግን ለዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ጉዳይ አልነበረም። የት እንደ ሞተ የሚነገርለት ተዋጊው ብቻ ነው። ቀሪው የት ተቀበረ?

መልሱ በኦሪት ሕግ ይጀምራል። በዘኍልቍ 19 መሠረት ሬሳ ወይም መቃብር የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ይነጻል። ቤተ እስራኤል ይህን ሕግ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ጠብቀው አቆይተዋል፤ ሬሳ የነኩ ሰዎች ሰባቱን ቀን ከመንደር ተለይተው ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ መካነ መቃብሩ ከመኖሪያው ይርቃል፣ ከጸሎት ቤቱም ይርቃል። ክርስቲያኑ ሙታኑን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሲያሳርፍ፣ ቤተ እስራኤል ተዝካሩን በመንደር እያወጣ ቀብሩን በሜዳ ይተው ነበር። በልማዱ ጽሑፍ የለውም፤ የተቆለለ ድንጋይ ነው።

ይህን በድህነት ማሳበብ ይቀላል፤ እኔ አልቀበለውም። የሰሜን ክርስቲያን ገበሬ መቃብርም ቢሆን በአብዛኛው ስም አልተጻፈበትም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የክርስቲያኑን ሙት ደብሩ ያስታውስለታል፤ ካህን ይለወጣል እንጂ ቅጽሩ አይነቀልም። የቤተ እስራኤልን ሙት የሚያስታውሰው በሕይወት ያለው ዘመዱ ብቻ ነው። ዘመድ ከአገር የወጣ ዕለት ቀብሩ ተራ የድንጋይ ክምር ይሆናል፤ ሰሜን ውስጥ ደግሞ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ የማይከመርበት ዳገት የለም።

የመነኮሳቱ ነገር ትንሽ ይለያል። ትውፊት በዐሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን አባ ሳብራን የምንኵስናው መሥራች ያደርገዋል፤ ደቀ መዝሙሩ አባ ጸጋም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ነበር ይባላል። የዚህ ትውልድ መነኮሳት በቤተ እስራኤል ዘንድ የሃይማኖት አቅኚዎች ናቸው፤ ሆሀርዋን የመሰሉ ቦታዎቻቸውም ምእመናን የሚሳለሙባቸው ነበሩ። በቅርቡ አርኪዮሎጂስቱ ባር ክሪቡስና ባልደረቦቹ ሰሜን መናጣን ጨምሮ የመነኮሳቱን መኖሪያዎች በመስክ ቃኝተዋል። ሥራው ትልቅ ነው፤ የአምባ ታሪክን ልማድ ሰብሯል። ቢሆንም ትኩረቱ በተፈጥሮው ከምእመኑ የተለየውን፣ በአጥር የተከለለውን ግቢ ይመለከታል። የተራው ሰው ቀብር አሁንም ተራውን ይጠብቃል።

ስለ ቀብር ከተነሣ ቡዳ መነሣቱ አይቀርም። የቤተ እስራኤል አንጥረኛ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ከመቃብር ሬሳ ያወጣል የሚለው ክስ፣ ሃጋር ሳላሞን በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት በስፋት ተተንትኗል። ነገሩ ያስገርማል፤ ለሬሳ ርኩሰት ከማንም በላይ የሚጠነቀቀው፣ «አትንኩኝ» እየተባለ የሚታማው ሕዝብ፣ በሬሳ ቀበኝነት ይከሰሳል። ክሱ ስለ ቤተ እስራኤል የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ ቅጽሩ ውስጥ ላረፉት ሙታኑ ስለነበረው ስጋት ግን ብዙ ይነግረናል።

ሌላው ጭብጥ መሬት ነው። በርስት ሥርዓት የአባት አጥንት ያረፈበት ምድር ለባለ ርስትነት ማስረጃ ይሆናል። በጎንደር ምድር አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልባ ጭሰኛ ነበር፤ ሙታኑ ያረፉበት አፈርም የሌላ ሰው ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬት ሲሰጠው ከጎረቤትና ከቀድሞ ባለ መሬት ቁጣ ገጠመው፤ ብዙም ሳይቆይ ስደቱ መጣ።

በእርግጥ ሁሉም በአገሩ አልተቀበረም። በ1862 (እ.ኤ.አ.) መነኩሴውን አባ መሐሪን ተከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር የተነሡት ብዙዎቹ በትግራይ መንገድ ላይ ቀሩ። ክፉ ቀን በተባለው ታላቅ ረሃብ፣ ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.)፣ መንደሮች እንዳሉ ተፈቱ፤ የሚቀብር በጠፋበት ዘመን ደግሞ የሥርዓተ ቀብር ታሪክ መጻፍ አስቸጋሪ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሱዳን መንገድና በስደተኛ ካምፖች ወደ አራት ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። እነዚህ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ይታሰባሉ። ተገቢ ነው። ሆኖም መታሰቢያው መንገዱን የታሪክ መጀመሪያ ያደርገዋል፤ ከመንገዱ በፊት በሰሜን ለዘመናት የሞቱት ከትረካው ውጭ ናቸው።

ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ካጓጓዘው ከዘመቻ ሰሎሞን፣ ከግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ወዲህ ምንጩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ምድሩ እዚህ፣ ምስክሩ እስራኤል። የትኛው ክምር ቀብር፣ የትኛው የማሳ ድንጋይ እንደሆነ መለየት የሚችሉት በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ያደጉት፣ አሁን በዕድሜ የገፉት ቄሶችና ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም እዚህ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቁፋሮ አይመከርም፤ ሕጉን የሚያከብር ተመራማሪ መቃብር አይነካም። የሚያስፈልገው የሁለቱን ወገን ቃል በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር ነው፤ የሁለቱ ቃል ሲጋጭም ግጭቱን እንዳለ መመዝገብ።