ማስመሪያው ያላየውን አትጻፉ

ደጋ ላይ ባለችው ፍላቂት ፊዚክስ ሳስተምር የልኬትን ምዕራፍ የምጀምረው ከአንድ ቁንጥር ጤፍ ነው። «የአንዷን ፍሬ ርዝመት ለኩልኝ» እላለሁ፤ ሁሉም ማስመሪያውን አውጥቶ ያቀረቅራል። ብዙም ሳይቆይ ክርክር ይነሳል። ፍሬዋ ከአንዱ የሚሊሜትር መስመር ተነስታ ቀጣዩን ለጥቂት ስለምታልፍ አንዱ 1 ሲል ሌላው 1.5 ይላል። መስመሮቹ የተራራቁት በሚሊሜትር ነው፤ በመሐላቸው ያለውን ዓይን ይገምታል እንጂ አያነብም።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ዘዴ ዘየደች። ፍሬዎቹን በመርፌ ጫፍ እየገፋች በማስመሪያው ጠርዝ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደረቻቸው። አሥራ ሁለቱ 13 ሚሊሜትር ሞሉ። ለአሥራ ሁለት አካፈለችና ደብተሯ ላይ 1.0833333 ብላ ጻፈች። ዘዴዋ ግሩም ነበር፤ የንባቡ ስህተት ለአሥራ ሁለት ስለሚከፋፈል ለአንዷ ፍሬ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ያሳሰበኝ መልሱ ነው።

«ይህን ሁሉ 3 ማን አየው?»

«ካልኩሌተሩ ነው የሰጠኝ፣ ቲቸር።»

«ካልኩሌተሩ ጤፏን አይቷታል?»

ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ሰርዛ 1.1 ብላ ጻፈች። አጠገቡም «ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.1» አስጨመርኳት። ማስመሪያው ሊነግራት የቻለው ይህን ያህል ነው፤ እርሷም ከዚያ በላይ አልጨመረችበትም።

ሌላ መሣሪያ ብናነሳም ነገሩ ያው ነው። በፈረንሳዊው ፒየር ቨርኒየር ስም የሚጠራው የ1631 እ.ኤ.አ. ፈጠራ የተመሠረተው በቀላል ሐሳብ ላይ ነው፦ በዋናው ማስመሪያ ላይ በሚንሸራተተው ትንሽ ማስመሪያ 9 ሚሊሜትር ለ10 እኩል ስለሚከፈል እያንዳንዱ ክፍል ከዋናው ክፍል በ0.1 ሚሊሜትር ያጥራል። ዓይን መገመት ቢቸግረውም ሁለት መስመሮች መግጠማቸውን ጥሩ አድርጎ ይለያል። ማይክሮሜትር እስከ 0.01 ሚሊሜትር ያወርደናል፤ እዚያም የመጨረሻ መስመር አለ። ስቶፕዎች በበኩሉ የሰከንድን መቶኛ ያሳያል፤ የሚጫነው ጣት ግን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ ፔንዱለም ስንለካ 20 ምልልስ ቆጥረን እናካፍላለን።

ተማሪዎቼ ይህን ሁሉ እንደ ጥንቃቄ ብቻ ያዩታል፤ ውሃ እስክናፈላ ድረስ። ደጋችን ላይ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞሜትሩ 100 አይደርስም። 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ በመስመሮቹ መሐል ያለው ልዩነት ስንት ነው? አንድ ዲግሪ። በማንበብ ልንሳሳት የምንችለው በስንት ነው? በግማሽ፣ ቢበዛ በአንድ። ታዲያ የቀሩት ዲግሪዎች የት ገቡ? በረዶ በሚቀልጥበት ውሃ ውስጥ ነክረን ዜሮ ማሳየቱን እናረጋግጣለን። ያኔ መሣሪያውን መጠርጠር ትተው ወደ ተራራው ያያሉ፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይሳሳል፣ ውሃውም ባነሰ ሙቀት ይፈላል።

የመሣሪያውን ወሰን የማያውቅ ተማሪ ያንን ልዩነት ስህተት ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ወሰኑን ያወቀው ግን የቆመበትን ደጋ ከፍታ ከድስቱ ውስጥ ያነባል። እኔ ጤፍ በመርፌ የማስደረድረው ለዚያች ቀን ነው።