«በመቶ ስንት?» ስለ ከባድ ማዕድናት አሸዋ የቁፋሮ መግለጫዎች የቀረበ ሒስ

በጥንት ባሕር ዳር በተከማቸ አሸዋ ውስጥ ከባድ ማዕድናትን የሚፈልጉ ኩባንያዎች የሙከራ ቁፋሮ በፈጸሙ ቁጥር መግለጫ ያወጣሉ። ርእሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም ይህን ያህል ሜትር ውፍረት ያለው፣ በመቶ ይህን ያህል ከባድ ማዕድን የያዘ አሸዋ ተገኘ የሚል ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ሲቀርብ አንባቢን ከማስረዳት ይልቅ የሚያሳስት መሆኑን ለማሳየት የአውስትራሊያን የመሪ ተፋሰስ እንመልከት።

በዚህ ተፋሰስ ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ባሕሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በየደረጃው የተወው የባሕር ዳር አሸዋ ይገኛል። የማዕበሉም ሥራ እህል በሰፌድ ከማበጠር ጋር ይመሳሰላል። ክብደቱ ከውሃ 2.65 እጥፍ የሆነውን ኳርትዝ ጠርጎ ሲወስድ፣ ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብዱትን ኢልሜናይትን፣ ሩታይልንና ዚርኮንን በዳርቻው ትቶአቸዋል። ክምችቶቹ ጠባብና ረዣዥም ስለሆኑ የቁፋሮው መሥመር አግድም ያቋርጣቸዋል።

መሰርሰሪያው ድርብ ቧንቧ ነው፤ የታመቀ አየር በውጭኛው ክፍተት ይወርዳል፣ አሸዋውም በውስጠኛው ይወጣል። በላቦራቶሪ ጭቃውና ጠጠሩ በወንፊት ከተለየ በኋላ፣ የቀረው አሸዋ ከኳርትዝ በሚከብድ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። ኳርትዙ ይንሳፈፋል፤ የሰመጠው ተመዝኖ «በመቶ ይህን ያህል» ይባላል። ፈሳሹ ግን የሚለየው ክብደትን ብቻ ነው። የሰመጠው ውዱ ዚርኮን ይሁን ርካሹ ኢልሜናይት፣ ወይም ገዢ የሌለው የብረት ኦክሳይድ፣ አይናገርም።

ከዚህ የከፋው የቅንጣቱ መጠን ጉዳይ ነው። በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በሆርሻም ከተማ አቅራቢያ ሲ.አር.ኤ. የተባለው ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ዊም 150 የተባለውን ክምችት አገኘ። ክምችቱ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ዚርኮንም ሩታይልም ነበረበት። ነገር ግን ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሱ ስለነበሩ፣ ማዕድንን በክብደቱ የሚለየው የተለመደው ጥምዝ አሸንዳ ሊይዛቸው አልቻለም። ጤፍ ሲበጠር ነፋሱ ከበረታ ፍሬው ከእብቁ ጋር እንደሚሄድ መሆኑ ነው። ኩባንያው በአረፋ የማንሳፈፍን ዘዴ ከሞከረ በኋላ ሥራውን አቆመ። እንግዲህ በላቦራቶሪው ፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብሎ የሰመጠው ደቃቅ ቅንጣት ሁሉ በመቶኛው ውስጥ ተቆጥሮአል፤ በፋብሪካው ግን ከውሃው ጋር ይፈስሳል። ሁለቱ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ መግለጫው የሚነግረን የመጀመሪያውን ነው።

ለኩባንያዎቹ የሚቀርብ መከላከያ አለ። በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው፣ በ2012ም የተሻሻለው የአውስትራሊያ የማዕድን መግለጫ ደንብ የናሙና አያያዝንና የምርመራ ዘዴን በሰንጠረዥ እንዲያስረዱ ያዝዛቸዋል፤ እነርሱም ያስረዳሉ። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ በደቃቅ ፊደል ነው፤ አክሲዮን የሚገዛው ሰው ደግሞ ርእሱን ያነባል። የእያንዳንዱን ማዕድን ድርሻ ማስቆጠር ውድ ስለሆነ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ይቅረብ ማለት እርግጥ ግፍ ይሆናል። የጭቃው መጠን ግን ለምርመራው ሲባል አስቀድሞ ተለክቶአል፤ የቅንጣቱንም መጠን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ተጨማሪ ወንፊት ነው። ሁለቱ ከመቶኛው አጠገብ ቢጻፉ ርእሱን በአንድ መሥመር ያስረዝሙት ይሆናል።